ማሳሰቢያ፦ ወገቡን የሚያመው ሰው ሽንቱ ሲለወጥበት

ወገቡን አሞት የማያውቅ አዋቂ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ሸክም ሲሸከም የሚውለው፣ ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ የሚቀመጠው፣ ልጅ አዝላ ውሃ የምትቀዳው ሁሉም ያውቁታል። አብዛኛው የወገብ ህመም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየተሻለ ይሄዳል፤ ይህ ማሳሰቢያ ስለ እሱ አይደለም። ወገቡን የሚያመው ሰው ሽንት እምቢ ሲለው፣ ሲያመልጠው ወይም መምጣቱ አልሰማው ሲል ምን መደረግ እንዳለበትና እንደሌለበት ነው። የወገብ ህመምና የሽንት ለውጥ አንድ ላይ ከመጡ የዚያኑ ቀን፣ ሌሊትም ከሆነ የዚያኑ ሌሊት፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ህብለ ሰረሰር ከአንጎል ተነስቶ በአከርካሪ ቦይ ውስጥ ይወርዳል፤ ግን እስከ ታች አይዘልቅም። አዋቂ ሰው ላይ የመጀመሪያውና የሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ያበቃል። ከዚያ በታች ቦዩን የሚሞሉት ወደ እግር፣ ወደ መቀመጫ፣ ወደ ብልት፣ ወደ ፊኛና ወደ ፊንጢጣ የሚሄዱ የነርቭ ሥሮች ናቸው፤ ተሰብስበው ሲወርዱ ያዩ የጥንት ሐኪሞች የፈረስ ጭራ የሚል ስም ሰጥተዋቸዋል። ከእነዚህ መካከል ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው የሳክራል ነርቮች የሽንትን ነገር ይዘዋል። ፊኛ መሙላቱን ለአንጎል የሚነግሩት እነሱ ናቸው፤ ፊኛው እንዲጨመቅ የሚያዙት፣ መዝጊያውን ጡንቻ የሚያጠብቁትና የሚያላሉትም እነሱ ናቸው። ጤነኛ ሰው ከ150 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ሲጠራቀምበት ስሜቱ ይጀምረዋል፤ ከ400 እስከ 500 ሲደርስ ይወጥረዋል።

በታችኞቹ የወገብ አጥንቶች መካከል ያለ ዲስክ በብዛት ወደ ኋላ ሲወጣ እነዚህን ሥሮች ባንድ ላይ ይጨፈልቃቸዋል። ፊኛው ይሞላል፤ ባለቤቱ አያውቅም። ሽንት የተዘጋበት ሰው ብዙውን ጊዜ በሥቃይ ይጮኻል። ነርቩ የተጨፈለቀበት ሰው ግን አንድ ሊትር ተጠራቅሞበት ከሰው ጋር ቡና እየጠጣ ሊቀመጥ ይችላል። ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው፦ ካላመመኝ ምን ሆንኩ ይላል።

ኩላሊት ነው ብላችሁ አትለፉት። በአገራችን ወገቡን የያዘው ሰው ሁሉ "ኩላሊቴን ነው" ይላል፤ ሽንቱ ሲቸገርማ የተረጋገጠ ይመስለዋል። የገብስ ውሃ ይፈላለታል፣ ውሃ በላይ በላዩ ይጠጣል፤ መውጫ ያጣው ፊኛ ይብስ ይለጠጣል። ከዚያ የሽንት ምርመራ ይሰጣል፤ ቆሞ የቆየ ሽንት ቶሎ ስለሚመረዝ ኢንፌክሽን ይገኝበታል፤ አንቲባዮቲክ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ኢንፌክሽኑ እውነት ነው፤ ያመጣው ግን አልተፈለገም። ምች ነው፣ ብርድ ነው፣ እርጅና ነው የሚሉትም እንዲሁ ቀን ይበላሉ።

እነዚህን ምልክቶች ዕወቁ፤ ለቤተሰባችሁም ንገሩ።

– ሽንት ለመጀመር ማማጥ፣ የፍሰቱ መድከም፣ ጨረስኩ ካሉ በኋላ የቀረ ነገር እንዳለ መሰማት።
– ግማሽ ቀን ሳይሸኑ መዋልና ስሜቱ ጭራሽ አለመምጣት።
– ሽንቱ ሲወርድ በድምፁ እንጂ በስሜት አለማወቅ።
– የመቀመጫ፣ የታፋ የውስጥ ጎን፣ የብልትና የፊንጢጣ ዙሪያ መደንዘዝ ወይም መውረር።
– ከአንድ እግር ወደ ሁለቱም የተዛመተ ህመም፣ ድካም ወይም መደንዘዝ። ነጠላ ጫማ ከእግር ወልቆ ቀርቶ ባዶ እግር መሄድን ዘግይቶ ማወቅ የዚህ ምልክት ሊሆን ይችላል።
– ድንገተኛ የሰገራ መድረቅ ወይም ማምለጥ፤ የግብረ ሥጋ ስሜት ወይም ችሎታ መጥፋት።

መደንዘዙን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ሽንት ቤት ገብታችሁ ስትታጠቡ ወይም በሶፍት ስትጠርጉ ልብ በሉ፦ ግራና ቀኙ እኩል ይሰማል? ውሃው ሙቅ ይሁን ቀዝቃዛ ይለያል? ካልተለየ ወይም ልብስ ላይ እንደ መንካት ከሆነ ሌላ ምልክት አትጠብቁ። ሁሉም እስኪሟላ የጠበቀ ሰው የሚታከምበትን ጊዜ ያሳልፋል።

"ያመልጠኛል እንጂ አልተዘጋብኝም" አትበሉ። ይህ በደንብ መነገር አለበት፤ ሐኪም ቤት ድረስ ሄደውም የሚሳሳቱበት ሰዎች አሉ። የደነዘዘ ፊኛ ከልክ በላይ ሲሞላ የተረፈው በራሱ ጠብ ጠብ ይላል። ሲያስሉ፣ ሲነሱ፣ ሲስቁ ልብስ ይረጥባል። ሰውየው ሽንት በዛብኝ ብሎ ስኳር ይለካል፤ ወይዘሮዋ ከወሊድ የቀረ ነው ብላ ትተወዋለች። ከእምብርት በታች በእጅ ሲዳሰስ ግን ጠጠር ያለ እብጠት ይገኛል፤ ፊኛው ነው።

ነርቭን የሚጨፈልቀው ጭነት ከፍ ብሎ ህብለ ሰረሰሩ ራሱ ላይ ሲሆን፣ ለምሳሌ ደረት ወይም አንገት አካባቢ፣ የሽንቱ ጠባይ ሌላ ነው። በታች ያሉት ነርቮች ከአንጎል ትእዛዝ ተቆርጠው በራሳቸው ይሠራሉ፦ ፊኛው ገና በትንሹ ሲሞላ ይጨመቃል፣ መዝጊያው ደግሞ በዚያው ሰዓት ይጠብቃል። ሰውየው ደጋግሞ ይቻኮላል፣ ሳይደርስ ያመልጠዋል፣ ግን አይጨርስም። ግፊቱ ወደ ኋላ፣ ወደ ኩላሊት ይመለሳል። ኩላሊት የሚጎዳው እንዲህ ነው።

አፍ አውጥታችሁ ተናገሩ። ይህን ስጽፍ ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ በኀፍረት የሚጠፋው ጊዜ ነው። እናት ለልጇ አትነግርም፤ ጥቁር ቀሚስ ትለብሳለች፣ ውሃ መጠጣት ትቀንሳለች፣ ለቅሶ ቤት መቀመጥ ትተዋለች። አባወራው ስለ ብልቱ መደንዘዝ ለሚስቱም አይተነፍስም። ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ ሁለቱም "ወገቤን" ይሉና ያበቃሉ፤ በዚያ ላይ ታካሚው በዝቶ ሐኪሙም የሚጠይቅበት ጊዜ አጥሮታል። ስለዚህ ቃሉን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። በር ላይ ካርድ የሚያወጣው ሰው እንኳ ቢሆን እንዲህ በሉት፦ "ወገቤን ካመመኝ ቆይቷል፤ አሁን ሽንቴ ተለወጠ፤ መቀመጫዬም ደንዝዟል። ከጀመረኝ ይህን ያህል ሰዓት ነው።" ነውር የለበትም።

አሜሪካም ሆነ እስራኤል ወይም አውሮፓ ያላችሁ፣ እናትና አባታችሁን ይዛችሁ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ በእናንተ አፍ አታናግሯቸው። ወንድ ልጅ እናቱን "ታፋሽ ውስጥ ይደነዝዝሻል ወይ?" ብሎ ለመጠየቅ ይቸገራል፤ እሷም እውነቱን ልትነግረው ትቸገራለች፤ ሐኪሙ የሚሰማው "ምንም የለባትም" የሚለውን ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ በስልክም ቢሆን ጠይቁ። እናንተ ከክፍሉ ውጡ።

አታሹ፣ አታስጎትቱ፣ አታስረግጡ። ወጌሻ ለወለምታ ስንቱን ሰው ጠቅሟል፤ እጁንም አልንቅም። ሽንት የተነካበት ወገብ ግን የእሱ ሥራ አይደለም፤ መጎተቱና መጠምዘዙ በከፊል የወጣውን ዲስክ ጨርሶ ሊገፋው ይችላል። ጥሩ ወጌሻ ራሱ "ይሄ የሐኪም ነው" ይላል፤ እንዲህ የሚል ስታገኙ አመስግኑት። ፀበል የምትሄዱም መጀመሪያ ሆስፒታል ድረሱ፤ ፀበሉ ከዚያ መልስም አለ።

ማስታገሻ መርፌ እየተወጋችሁ አትጠብቁ። ዳይክሎፌናክ ህመሙን እንጂ ጭነቱን አያነሳም። እንደ ትራማዶልና አሚትሪፕቲሊን ያሉ መድኃኒቶች ደግሞ በራሳቸው ሽንት ሊያስቸግሩ ስለሚችሉ የምትወስዱትን ሁሉ ለሐኪሙ አሳዩት። "መድኃኒቱ ነው" ብሎ መወሰን ግን የእናንተ ድርሻ አይደለም።

ራጅ ደህና ነው ስለተባላችሁ አትረጋጉ። ራጅ አጥንት ያሳያል፤ ዲስክንና ነርቭን አያሳይም። ጭነቱን በትክክል የሚያሳየው ኤምአርአይ ነው። በዋጋም በርቀትም ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ብድር የሚጠየቅ፣ ዕቁብ የሚወጣ ከሆነ ግን ቀኑ ይህ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካርድ ያላችሁ ይዛችሁ ውጡ፤ ሪፈር ሲጻፍላችሁ ያስፈልጋችኋል።

ስለ ሰዓቱ፦ ሐኪሞች በብዛት የሚጠቅሱት ገደብ 48 ሰዓት ነው፤ ሽንት ከተነካ ጀምሮ በዚያ ውስጥ ጭነቱ በቀዶ ጥገና የተነሳለት ሰው ከዘገየው ይሻላል። ቶሎ በሆነ ቁጥር ይመረጣል። ከሁሉም በላይ ውጤቱን የሚወስነው ሰውየው ቢላ ስር ሲገባ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበረ ነው፦ ፍሰቱ ቢደክምም ገና በራሱ የሚሸና ሰው፣ ጨርሶ ከተዘጋበት ሰው ይልቅ ሽንቱን መልሶ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። 48 ሰዓቱ አልፎብኛል ብላችሁ ግን አትቅሩ፤ ዘግይቶም የሚተርፍ ነገር አለ።

ለጤና ባለሙያዎች። ወገቤን ላለ ሰው ሁሉ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ሽንትህ እንዴት ነው? መቀመጫህ ደንዝዟል? ሁለቱም እግርህ ነው? ቤት ለቤት የምትዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከሐኪሙ በፊት የምትሰሙት እናንተ ናችሁ። ታካሚው ከሸና በኋላ ፊኛው ውስጥ የቀረውን በአልትራሳውንድ ወይም በካቴተር (በሽንት ቱቦ) ለኩ፤ ከ200 ሚሊ ሊትር በላይ ከቀረና ወገብ የሚያም ከሆነ ነርቩን ጠርጥሩ። በእርጥብ ጥጥ የመቀመጫውን ዙሪያ መንካት ሁለት ደቂቃ አይወስድም። ካቴተር አስገብታችሁ "ፕሮስቴት ነው" ብላችሁ አትሸኙት፤ ዕድሜው 60 ስላለፈ ብቻ ፕሮስቴት አይሆንም። በሪፈር ወረቀቱ ላይ ሽንቱ የተለወጠበትን ቀንና ሰዓት ጻፉ፣ ለተቀባዩ ሆስፒታል ተረኛ ሐኪም ደውሉ። ኤምአርአይ በሌለበት ከተማ ቀጠሮ እየሰጣችሁ አታቆዩት። ጡት ወይም ፕሮስቴት ካንሰር የነበረበት ሰው አዲስ የጀርባ ህመም ካመጣ፣ በተለይ ሌሊት የሚብስ ከሆነ፣ ሽንቱ እስኪዘጋ አትጠብቁ።

ሳል የለኝም ብላችሁ ቲቢን አትርሱ። በአገራችን ነርቭ ላይ የሚጫነው ሁልጊዜ ዲስክ አይደለም። ቲቢ አከርካሪ ውስጥ ይገባል፤ አጥንቱን ይበላል፤ መግሉና የተደረመሰው አጥንት ህብለ ሰረሰሩን ይጫናል። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት እ.ኤ.አ. በ1779 የጀርባ መጉበጥንና የእግር ሽባነትን አያይዞ ስለጻፈ ህመሙ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ወራት የቆየ የጀርባ ህመም፣ የማታ ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ ጀርባ ላይ ብቅ ያለ ጉብታ ካለ ተመርመሩ። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል፤ በጊዜ ከተጀመረ ብዙዎች ተነስተው ይሄዳሉ፣ ሽንታቸውም ይመለሳል። ሕክምናው ከሳንባ ቲቢው የስድስት ወር ሕክምና ስለሚረዝም አታቋርጡት። ከመድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካንማ ቀይ ያደርጋል፤ ደም መስሏቸው የሚያቆሙ አሉ። ደም አይደለም፤ አታቁሙ።

ያልተፈላ ወተት የሚያስይዘው ብሩሴላም አከርካሪ ላይ ይወጣል፤ ወተት አፍሉ። ጣና ዳር እንደሚገኙት ቢልሃርዝያ ባለባቸው ውሃዎች የሚዋኝ ወጣት ድንገት እግሩ ደክሞ ሽንቱ ከተዘጋ ለሐኪሙ ስለ ውሃው ይንገረው፤ የትሉ እንቁላል የህብለ ሰረሰር ጫፍ ላይ ሊያርፍ ይችላል፣ መድኃኒትም አለው።

ልጅ ሽንት መቆጣጠር ከጀመረ በኋላ እንደገና መኝታ ላይ መሽናት ከጀመረና ጀርባውን ካመመው ወይም ካነከሰ፣ አትግረፉት። አስመርምሩት።

ከፎቅ የወደቀን ሰው እጅና እግሩን ይዛችሁ አታንሱ። የባህር ዛፍ መወጣጫ ሲሰበር ወይም ሠራተኛ ሲያዳልጠው በሕንፃ ሥራ ላይ የሚታየው ይህ ነው፦ አንዱ በብብቱ፣ አንዱ በጉልበቱ ይይዝና ወገቡን አጥፈው ባጃጅ ውስጥ ያስገቡታል። የተሰበረው አጥንት ያልነካውን ነርቭ ያን ጊዜ ይቆርጠዋል። እየጮኻችሁ እንዲነሳ አትገፋፉት፤ ውሃ ፊቱ ላይ አትድፉ። አንድ ሰው ጭንቅላቱንና አንገቱን በሁለት እጁ አጥብቆ ይያዝና እሱ ይቁጠር፤ በቁጥሩ ሦስት ሰዎች ትከሻውን፣ ዳሌውንና እግሩን ይዘው አንድ ላይ፣ ሳይጠመዘዝ ወደ ጎን ያዙሩት፤ አምስተኛው ሰው ሳንቃ ወይም የተነቀለ በር ከስሩ ያግባ። በዚያው ላይ ታስሮ ይሂድ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ፎርማኖች፣ ሳንቃውን አስቀድማችሁ መድቡ፤ ሰው ከወደቀ በኋላ ሳንቃ አይፈለግም።

እንዲህ የተጎዳ ሰው ፊኛው ለቀናት፣ አንዳንዴ ለሳምንታት ጭራሽ ላይሠራ ይችላል። ሆስፒታል በደረሰ በሰዓታት ውስጥ ካቴተር ያስፈልገዋል፤ ካልገባለት ጠይቁ። ከልክ በላይ የተለጠጠ ፊኛ ጡንቻው ይጎዳና ነርቩ ቢሻለው እንኳ እሱ ላይድን ይችላል።

ጉዳቱ ለዘለቀባቸው፦ ኩላሊታችሁን ጠብቁ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሞተው በጉዳቱ ሳይሆን በሽንት መመረዝና በኩላሊት መድከም ነበር። ሉድቪግ ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1944 እንግሊዝ ስቶክ ማንደቪል ውስጥ የጀመረው ክፍል ሽንትን ከፊኛ በየጊዜው በጥንቃቄ ማስወጣት ሰውን እንደሚያኖር አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1972 ደግሞ አሜሪካዊው ጃክ ላፒደስ ታካሚው ራሱ፣ በታጠበ እጅና በንጹሕ ቱቦ፣ ሆስፒታል ሳይሄድ ይህንኑ ማድረግ እንደሚችል ጻፈ። ዛሬም ከሁሉ የሚመረጠው ይህ ነው።

ስለዚህ ነርስ ታስተምራችሁ፤ አትፍሩ። እጅ በሳሙና ይታጠባል፣ ቱቦው በማለስለሻ ይቀባል፣ ቀስ ብሎ ይገባል፣ ፊኛው ባዶ ሲሆን ይወጣል። በቀን ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ፤ በአንድ ጊዜ የሚወጣው ከ500 ሚሊ ሊትር መብለጥ የለበትም። በጆግ ለኩ፤ ከበለጠ ሰዓቱን አቀራርቡ። ውሃ አትቀንሱ፤ ከመኝታ በፊት ብቻ ቀለል አድርጉት። ሐኪም ሳይመክራችሁ ሆድ እየተጫናችሁ አታስወጡ፤ መዝጊያው የጠበቀ ከሆነ ግፊቱ ወደ ኩላሊት ነው። ሽንት ስለደፈረሰ ብቻ አንቲባዮቲክ አትግዙ፤ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም አዲስ ህመም ሲመጣ ግን ቶሎ ሂዱ። በዓመት አንድ ጊዜ ኩላሊት በአልትራሳውንድ ይታይ።

የማይወጣ ካቴተር ያላችሁ ደግሞ ከረጢቱን ሁልጊዜ ከፊኛ በታች አድርጉት፤ መሬት አይንካ፤ ቱቦው አይጠምዘዝ። ታክሲ ውስጥ ስትገቡ ጭናችሁ ላይ አታስቀምጡት፤ የወረደው ይመለሳል። ሲዘጋ ራሳችሁ አትጎትቱት፤ ቱቦው ጫፉ ላይ የተነፋ ትንሽ ባሉን አለው።

ጉዳታቸው በስድስተኛው የደረት አከርካሪ አጥንት ወይም ከዚያ በላይ ለሆነ ሰዎች ቤተሰብ፦ ድንገት ከባድ ራስ ምታት፣ የፊት መቅላትና ከጉዳቱ በላይ ላብ ከመጣ ደም ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ እየወጣ ሊሆን ይችላል። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የሞላ ፊኛ ነው። አታስተኙ፤ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ጠባብ ልብስ አላሉ፣ የቱቦውን መጠምዘዝ እዩ፣ ሽንቱን አስወጡ። ካልረገበ ወዲያው ሐኪም ጋ ውሰዱ።

ለሕንፃ ባለቤቶችና ለመሥሪያ ቤቶች። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች አካል ጉዳተኞች የሚገቡበትና የሚጠቀሙበት መጸዳጃ እንዲኖራቸው ደንግጓል። ዊልቸር የሚያስገባ በር፣ ውሃ፣ ሳሙና፣ ዕቃ የሚቀመጥበት ትንሽ መደርደሪያና ከውስጥ የሚዘጋ ቁልፍ፤ በየአራት ሰዓቱ ቱቦ ለሚጠቀም ሰው ከቤት ወጥቶ መሥራት ወይም አለመሥራት ማለት ነው። ያንን ክፍል የመጥረጊያና የባልዲ መጋዘን አታድርጉት፤ ቁልፉም አንድ ሰው ኪስ ውስጥ አይቅር። ተራ ጠባቂዎችም፣ አንድ ሰው ውስጥ ቢቆይ በር አትደብድቡበት፤ እጁን ታጥቦ ቱቦውን እስኪጠቀም አሥር ደቂቃ ሊፈጅበት ይችላል።